የኬሚስትሪ ወንፈል

«ታዲያ የት ነው የተማርሽው?»

ይህችን ጥያቄ እንዴት እንደምጠላት! ባለፈው ሳምንት ለእረፍት ወደ ቤቴ ስመለስ ከደሴ ጀምሮ አጠገቤ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ ተቀምጠው ነበር። ውርጌሳን አልፈን መርሳ ልንገባ ስንል የዘይቱን ሽታ በመስኮት ገባ። የመርሳን ዘይቱን አሽትቶ ለማያውቅ ሰው ሽታውን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ጣፋጭ ነው፣ ግን ደግሞ ጉሮሮን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር አለበት፤ ፀሐይ የመታው እርጥብ ሣር ላይ ሽቶ የተደፋ ይመስላል። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ዘይቱን ሻጮቹ ሴቶች ፌስታላቸውን ከፍ አድርገው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሽታውን እስባለሁ፣ ሰውዬው በዚህ መሀል «ተማሪ ነሽ?» አሉኝ። «አዎ፣ ሕክምና።» «ማሻአላህ! የት ተምረሽ ነው ያንን ፈተና ያለፍሽው?» «መርሳ።» «አይ፣ ማለቴ ለመግቢያ ፈተናው የተዘጋጀሽው። ደሴ ነው ወልዲያ?» «መርሳ ነው አባባ።» ሳቁብኝ። «ግድ የለም፣ አትንገሪኝ። ለልጄ ልጅ ብዬ ነበር እንጂ። የጎበዝ አስጠኚ ስልክ እንደ ወርቅ የሚደበቅበት ጊዜ ነው።»

ሽታውን ሳልጠግብ በንዴት ወረድኩ።

ትዝታ የትልልቅ ሰዎች ነው ይላሉ። ፀጉሩ ያልሸበተ ሰው «በኛ ጊዜ» ማለት የተከለከለ ይመስል! እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ «በኛ ጊዜ» የምለውም ካቻምናን ነው። ግን ካቻምና ምን ያህል ሩቅ አገር እንደሆነ መርሳ ወርዶ ዙሪያውን ያየ ያውቀዋል። በኛ ጊዜ አንድ ፌስታል ዘይቱን ገዝታችሁ በተረፈው መልስ ሻይ በብስኩት ትጠጡ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ብር ባዶውን ፌስታል ቢሰጧችሁ አመስግኑ። ከመናኸሪያው ማዶ አንድ ኮፒ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ለቀለሙ ስለሚሳሳ ወረቀቱ ጉም የለበሰ መስሎ ይወጣል፣ እኛም ጥያቄውን ራሱን ገምተን እንሞላና ከዚያ መልሱን እንፈልጋለን። አሁን ኮፒ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ጎኑ ያለው ሙዚቃ ቤት ግን አለ፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት አምባሰል ነው የሚከፍተው፣ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ትዝታ። ያኔ ሴቱ ሁሉ ሰፊ ጂንስ የሚለብስበት ሰሞን ነበር። እኔ ግን ክርኑ የሳሳውን ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራቤን ከላዬ አላወርድም፣ ጓደኛዬ ሀያት ደግሞ ያችን ቡናማ ሂጃቧን በዕንቁ መርፌ ሳታሲዝ ከቤት አትወጣም። መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል፤ ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም። እኛ ያስጨነቀን ግን ፈተናው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ከክፍላችን ሦስት ሴቶች ሕክምና ለመማር የሚያበቃ ነጥብ አገኘን፤ እኔ ከመርሳ፣ ሀያት ከግራና፣ ቃልኪዳን ከውርጌሳ። ያመለከትንበት ኮሌጅ የራሱ መግቢያ ፈተና ነበረው፤ በትምህርት ቤት ነጥብ ብቻ አያስገባም። እስከ ፈተናው የቀሩት ጥቂት ወራት ናቸው። እንዴት እንዘጋጅ? ጥያቄው ይኸው ነበር፤ ሌላው ንዴት ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው። አስጠኚ መርሳ ውስጥ የለም። መጽሐፍ የሦስታችን ተደምሮ አንድ ዘንቢል አይሞላም። ታዲያ አንድ ቀን ቃልኪዳን ከአባቷ ወፍጮ ቤት በር ላይ ተቀምጣ ዱቄት የነካውን እጇን እያራገፈች «ለምን ወንፈል አንገባም?» አለች። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። «ሰው ማሳውን ብቻውን ሲያርም ከአረሙ ጋር ያረጃል። ተራ በተራ ግን ዛሬ ያንቺን፣ ነገ የእሷን፣ ከነገ ወዲያ የኔን። ፊዚክስ ከአረም በምን ይለያል?»

በዚህ ገባን። ደንቡ የገበሬ ደንብ ነው። ቀኑ የአንቺ ከሆነ ሁለቱ አንቺ ቤት ይመጣሉ፣ ምሳ ታበያለሽ፣ ቀኑን ሙሉ የሚታረመው የአንቺ ድካም ነው፤ የምትወጂው ትምህርት ሳይሆን የሚያቅትሽ። የኔ አረም ፊዚክስ ነበር፣ የሀያት እንግሊዝኛ፣ የቃልኪዳን ኬሚስትሪ። የበላሽውን ቀን ደግሞ ሳትመልሺ መቅረት የለም፤ የሰው ጉልበት በልቶ መቅረት በኛ አገር ከሌብነት እኩል ነው።

እነዚያን ቀኖች ሳስብ እስካሁን ደስ ይለኛል፣ ሳልደብቅ ልናገር። መርሳ የኔ ቀን ሲሆን ከአባዬ የመስኖ ቦይ አጠገብ፣ ዘይቱኑ ሥር እንቀመጣለን። ፈሳሽ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ለምን እንደሚፈጥን ከመጽሐፉ ስንት ጊዜ አንብቤ አልገባኝ ሲል ቃልኪዳን ሸበጧን አውልቃ ቦዩ ውስጥ ገባች። «ነይ እዚህ። ልክ አባትሽ እንደሚያደርጉት ቦዩን በእግርሽ ከኔ እግር ጋር አጥብቢው።» አጠበብነው፤ ውሃው በእግሮቻችን መሀል ጠብቦ ተወረወረ። «ያው የገባው ውሃ መውጣት አለበት አይደል? ቦታው ሲጠበው ምን ያድርግ? ይሮጣላ!» ያን ቀን የገባኝ ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ግራና የሀያት ቀን ሲሆን እስከ ምሳ ከእንግሊዝኛ በስተቀር ትንፍሽ ማለት አይቻልም። የሚወራ ነገር ቶሎ ስለሚያልቅብን ተፋጠን እንቀመጣለን፤ የሀያት እናት በበር ብቅ ብለው «ምነው ልጆቼ፣ ተጣላችሁ እንዴ? ሸይጧን ገባ በመሀላችሁ?» ይላሉ። መልስ የለም፤ በአማርኛ መመለስ ክልክል ነው! ውርጌሳ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው የምንሠራው። ወፍጮው ስለሚጮህ የንጥረ ነገሮቹን ስም እየተጯጯህን ነበር የምናጠናው፤ ለማስፈጨት የተሰለፉት ሴቶች «እነዚህ ልጆች ማንን ነው የሚሳደቡት?» እያሉ ይስቁብናል። የኬሚስትሪ መጽሐፋችን ዛሬም ሲገለጥ የጤፍ ዱቄት ከገጾቹ መሀል ይበናል።

እንግዲህ ይህን ነው አጎቴ «ጨዋታ» ያሉት።

አጎቴ ጋሽ ታደሰ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ወልዲያ የመንግሥት ሠራተኛ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም አባዬ ችግር በገባው ቁጥር የደረሱልን እሳቸው ናቸው፣ ለዚህም ነው አባዬ ፊታቸው እምቢ ማለት የማይችለው። አንድ ቅዳሜ መጥተው ገና ከመቀመጣቸው «ብርቱካን ወልዲያ እኔ ቤት ትሁን። ከቤቴ አጠገብ ቱቶሪያል ተከፍቷል፤ የሕክምና ፈተና የሚያስጠና ሰው ነው የመጣው። ለቢሮ ሰዎችም ነግሬያለሁ» አሉ። ለቢሮ ሰዎች መጀመሪያ፣ ለኔ ቀጥሎ! አባዬ መሬት መሬት አየ። እማዬ ግን ከዘይቱኑ ፌስታል ቀና ብላ «የምታጠናበት አላት ጋሼ። ጓደኞቿ ጋ ነው የሚሠሩት» አለች። «ሦስት ሴት ልጅ ተሰብስባ ምን ትሠራለች? ጨዋታ ነው እሱ። አንቺም አውቀሽ ዝም በያት» አሉ። እማዬ ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ ተካረረ። አባዬ ከሚስቱና ከአማቹ መሀል ሲገባ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ ሽማግሌ ጠራ።

እስቲ አስቡት። አንዲት ልጅ ለሕክምና ፈተና እንዴት ትዘጋጅ የሚለው ነገር በሽማግሌ ይታይ ተባለ! የመጡት ሸህ እንድሪስና ቄስ ሞላ ናቸው፤ ሸህ እንድሪስ መናኸሪያው ጋ ልብስ የሚሰፉ፣ ቄስ ሞላ ከወልዲያ በላይ ካለው ደጋ ወርደው መርሳ ያረጁ። የሁለቱን ያህል ድንበር ያስታረቀ፣ የሁለቱን ያህል ባልና ሚስት ያስማማ በሐብሩ ወረዳ የለም፤ ሲጣሉ የታዩት ራሱ ማን ይመርቅ በሚል ነው። ማንጎው ሥር ተቀመጡ። «ለእኛ ትተዋላችሁ?» አሉ። አባዬ «ትቻለሁ»፣ አጎቴም «ትቻለሁ» አሉ። እኔ ቡና አቀርባለሁ። የማን ጭንቅላት ላይ እንደሚፈረድ የሚያውቅ ሰው ከመሀላቸው አንድም የለም፤ ወይም ያውቃሉ፣ ግን ቡናው እንዳይፈስ ብቻ ነው የሚያዩኝ። ብዙ አወሩ፣ ብዙ አከበሩ፣ አጎቴን ላለማስቀየም፣ አባዬን ላለማሳፈር። በመጨረሻም እንደ ድንበር ሁሉ መሀል ለመሀል ቆረጡት፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ወልዲያ፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ መርሳ። «አሚን»፣ «አሜን» ተባለ። ሁሉም ሳቁ። አጎቴ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው «አየሽ፣ ማንም አልተጎዳም» አሉኝ።

ማንም አልተጎዳም! ሳምንቱን መሀል ለመሀል ስትቆርጡት አንዱ ወገን ላይ ያለው የማን ቀን እንደሆነ የጠየቀ አለ? የቃልኪዳን የኬሚስትሪ ቀን ማክሰኞ ነበር። ውርጌሳ ስለነበረች፣ ስላልተጠራች፣ እዚያ ማንጎ ሥር ማንም የሷን ስም ስላላነሳ፣ ፍርዱ ያረፈው እሷ ላይ ነው። ቀን ለመቀየር ሞከርን፤ ሐሙስ የሀያት ቀን ነው፣ አርብ የወፍጮ ቤቱ ሰልፍ ቀን ነው፣ ሚዛን የምትይዘው ቃልኪዳን ናት፣ ቅዳሜ የኔ ነው፣ እሑድ ወደ ወልዲያ መሳፈሪያዬ። አልገጠመም፤ ያለኔ ሀያትም ማክሰኞ መሄዱን ተወችው።

ወልዲያን እወዳታለሁ፤ ጥፋቱ የከተማዋ አይደለም። ያን ዳገት በባጃጅ ሲወጡ፣ አዳጎ ሰፈር የተቀቀለ በቆሎ ሲሸጥ፣ ማታ ፒያሳ መብራቱ ሲበራ፣ እንዴት ያምር ነበር! ከሚኒባሱ ወርጄ በእግር ስሄድ የጫማ አሳማሪዎቹን ሬዲዮ፣ የጁስ ቤቱን ማሽን፣ የጎማ ቤቱን ጩኸት እየሰማሁ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ቱቶሪያሉ ግን! አስጠኚው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የመጀመሪያ ቀን ያለንን አልረሳም። «እዚህ ቤት ‹ለምን› አይባልም፤ ‹የትኛው› ነው የሚባለው። ‹ለምን›ን ቤታችሁ አስቀምጣችሁ ኑ።» አራት ምርጫ አለ፣ ሁለቱን በዓይን ጣል፣ ከቀሩት ረዘም ያለውን ምታ። አጨበጨቡለት። ስሜን ሲሰማ ከኋላ አንዱ ልጅ «ብርቱካን ከመርሳ? በኪሎ ስንት ገባች?» አለ፤ አስጠኚውም አብሮ ሳቀ። «ላንተ ዓይነቱ በኪሎ አንሸጥም፤ ለጁስ ቤት ነው የምናስረክበው፣ ተፈጭተህ ትወጣለህ» አልኩት፤ ግን የኔ ንዴት አልወጣም። የአጎቴ ቤትስ? ባለቤታቸው መንታ ሕፃናት ነበሯቸው። «ብርቱኬ፣ አንዴ ያዥልኝ።» «ብርቱኬ፣ ውሃው መጣ፣ ጀሪካኑን ደቅኚ።» የባለቤታቸው ወንድምም ለዚያው ፈተና ነበር የሚያጠናው፤ ለሱ ጠረጴዛ ተገዝቶለታል፣ በሩ ሲዘጋ ሁሉም በጣቱ ነው የሚራመደው። አንድ ማታ እራት ላይ አጎቴ «ጥናት እንዴት ነው?» አሉን። እሱ «ደህና ነው» አለ። እኔ «መንታዎቹ ጎበዞች ናቸው» አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም፤ ወይም እንዲገባው አልፈለገም።

እንዲህ እያለ ሳምንታት ሄዱ። አንድ ቅዳሜ ሀያትና ቃልኪዳን እኔ ቤት መጡ፣ የኔ ቀን ነበር። ሀያት ስለ ሞገድ ጥያቄ ስታብራራልኝ ቃልኪዳን ዘይቱኑን በጥርሷ እየላጠች ታየኛለች። ኋላ ላይ «ብርቱካን፣ የኔን ማክሰኞ ማን ይመልስልኝ?» አለች።

«ታውቂያለሽ አይደል፣ ሽማግሌዎቹ...»

«ሽማግሌዎቹን ኬሚስትሪ አላጠናኋቸውም። ፊዚክስሽን ቅዳሜ በቅዳሜ እናርማለን። የኔ ማሳ ግን ዳዋ ለብሷል። ወንፈል በላሽ።»

ሀያት «ተይ እንጂ ቃል፣ ወላሂ እሷ ወድዳ አይደለም» ብላ መሀል ገባች።

«ወድዳማ አይደለም። ግን እኔን የሚፈትነኝ ሰው ወድዳ ነው አልወደደችም ብሎ ይጠይቀኛል እንዴ?»

ቃልኪዳን እውነቷን ነው። ንዴቴ ግን እሷ ላይ አልሄደም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ማንጎው ሥር ነው የሄደው። ቄስ ሞላ በገበያ ቀን ከሸህ እንድሪስ በረንዳ ላይ ለጨዋታ እንደሚቀመጡ ስለማውቅ ያን ቀን ጠብቄ ሄድኩ። ሴት ልጅ፣ ያውም ያላገባች፣ ብቻዋን ሽማግሌ ልትከስ ስትሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም። እግሬ ግን ሄደ።

«አባቶቼ፣ በሰጣችሁት ፍርድ ላይ ቅሬታ አለኝ» አልኩ።

ሸህ እንድሪስ የስፌት መኪናቸውን እግር አቁመው ቀና አሉ። «ቅሬታ የሚያቀርብ ባለጉዳይ ነው ልጄ። ባለጉዳዮቹ አባትሽና አጎትሽ ናቸው። አንቺ በየትኛው በኩል ነሽ?»

«እኔ የተቆረጠው ማሳ ነኝ» አልኩ።

ቄስ ሞላ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ማሳ ሲናገር ገና ዛሬ ሰማሁ! በሉ ሸሁ፣ እንስማው እንጂ።»

ቃሉን ይዤ ነው የሄድኩት። «ወንፈል ገብቶ የሰው ጉልበት ከበላ በኋላ ተራው ሲደርስ የቀረ ሰው እዚህ አገር ምን ይባላል?»

ሁለቱም ፊታቸው ተለወጠ። ሸህ እንድሪስ «አዑዙ ቢላህ!» አሉ። «ማነው እንዲህ ያደረገ?»

«እኔ ነኝ። ያስበላችሁኝ ደግሞ እናንተ።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረዘርኩት፤ የማን ቀን መቼ እንደሆነ፣ ምሳ ማን እንደሚያበላ፣ ማክሰኞ የማን እንደነበረ። ቄስ ሞላ እየቆዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ታደሰ ጨዋታ ነው አይደል ያለን? ጥናት ቢሉኝ ጥናት መሰለኝ። ወንፈል ነው ያለኝ ሰው የለም።» ሸህ እንድሪስም «ወንፈልማ ከሆነ በመሀሉ እንዴት ይቆረጣል? ሐራም ነው!» አሉ። ትንሽ ተንሾካሾኩ። ለሳምንታት ያልገባቸው ነገር በአንድ ቃል ገባቸው። ማታውኑ አባዬንና አጎቴን በስልክ አገናኝተው አዲስ ፍርድ ሰጡ፤ ብርቱካን ያለባትን ወንፈል ትመልስ፣ መልሳ ስትጨርስ ወልዲያ ትመለስ።

አሸነፍኩ አይደል? ተናድጄ ነው ያደርኩት። ያሸነፈው ወንፈሉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ? በየትኛው መንገድ ነው የሚገባሽ?» ያለኝ ከሁለቱ አንድም የለም። ጉልበት ለሚበደር ገበሬ ያዘኑትን ያህል፣ ሐኪም ልሁን ብላ ለምትለፋ ልጅ ቢያዝኑ ምን ነበረበት? እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ያኔ እኛ ባንፈርድልሽ!» ይሉኛል። እጃቸውን እስማለሁ፣ እወዳቸዋለሁም፤ ግን እናደዳለሁ።

«ስትጨርስ ነው ያሉት?» አለች ቃልኪዳን ስነግራት። ፊቷ በራ። «እንግዲያ አትጨርሻትም!» ወንፈል መቼ እኩል ሆኖ ያውቃል? ማክሰኞ የቃልኪዳንን ስመልስ ሐሙስ ለሀያት እሄዳለሁ፤ ዕዳዬ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሁለቱ ተነጋግረው ሳልጠራቸው ከች ይላሉ፣ ፊዚክሴን ያርማሉ፣ ምሳዬን ይበላሉ፣ እኔም እንደገና ባለዕዳ! አጎቴ ይደውላሉ። «አልጨረስሽም?»

«ልጨርስ ነበር ጋሼ፣ ትናንት ደግሞ መጥተው ሠሩልኝ።»

«አትምጡ በያቸዋ!»

«እንግዳ እንዴት ይመለሳል ጋሼ?»

ለሸህ እንድሪስ አቤት ቢሉ «ፍርድ ፍርድ ነው፣ ስትጨርስ ትመጣለች፣ አብሽር» አሏቸው። እስከ ፈተናው ዋዜማ አልጨረስኩም። አጎቴ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ለፈተና ስንሄድ ራሳቸው መጥተው አውቶቡስ ያሳፈሩን እሳቸው ናቸው፤ የመንገድ ብርቱካን እንኳ ገዝተው ነበር፣ ለመርሳ ልጆች! ዛሬ ደግሞ ቢሯቸው ውስጥ «ያቺ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ናት ያሳለፈቻት» እንደሚሉ ሰምቻለሁ።

ውጤት ሲመጣ እኔና ሀያት አለፍን። ቃልኪዳን ወደቀች። የጣላትም ኬሚስትሪው ነው። ሰው ሁሉ የሚለው ምን መሰላችሁ? «እሷም ወልዲያ ብትማር ኖሮ!» እዚህ ጋ ነው ብዕሬን ወርውሬ መጮህ የሚያምረኝ። ያ ማንጎ ሥር የተቆረጠ ማክሰኞ፣ ያ «ማንም አልተጎዳም» የተባለለት፣ ይኸው ማንን እንደጎዳ። ዓመቱን ሙሉ ወፍጮ ቤት ሚዛን ስትይዝ ከረመች። ኮሌጁ ዘንድሮም ይፈትናል፤ እሷም ልትቀመጥ ትፈልጋለች፤ አባቷ ጋሽ ስዩም ግን «ሞከረች፣ በቃ። ወፍጮውም ሰው ይፈልጋል» ብለዋል። ከአውቶቡስ በወረድኩ ማግስት ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ የለ፣ ናፍቆት የለ። «አንቺ፣ ነገ ማክሰኞ ነው» አለችና ዘጋችው።

ከሀያት ጋር በጠዋት ሚኒባስ ሄድን። ሀያት ሁለት ፍሬ ማንጎና ኮሌጅ የተማርንበትን የኬሚስትሪ መጽሐፍ በዘንቢል ይዛለች። ጋሽ ስዩም ሽፋሽፍታቸው ድረስ ዱቄት ለብሰው ከወፍጮ ቤቱ በር ቆመዋል። «እንኳን ደህና መጣችሁ ዶክተሮች! ቃልዬን ልትጠይቁ ነው?»

«ለወንፈል ነው ጋሼ» አልኩ።

«ምን ወንፈል? እናንተ አልፋችኋል። ምን ቀረባችሁ?»

«የበላነው ነዋ ጋሼ» አለች ሀያት። «የሷን ቀን በልተን ነው ያለፍነው። ወላሂ ሳንመልስ ሐኪም ብንሆን ማን ያምነናል?»

ጋሽ ስዩም ዱቄቱን ከሽፋሽፍታቸው ጠረጉ። ጎረምሳ እያሉ በወንፈል ያረሱ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ለሚል ሰው የሚመለስ መልስ እንደሌለ ያውቃሉ። «ስንት ቀን ነው ያለባችሁ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አፌን ልከፍት ስል ከውስጥ፣ ከወፍጮው ጩኸት በላይ፣ የቃልኪዳን ድምፅ መጣ። «ብዙ ነው አባዬ! ብዙ ነው!»

ወጣች። ሽርጧን ከወገቧ ፈታ ሚዛኑ ላይ ጣለችው። «ስለ ኮሌጃችሁ የምታወራ ከዚህ ትውጣ» አለችን፤ ወደ ጓሮ መንገድ መራች፣ ተከተልናት። መጽሐፉን ገና ስንገልጥ ከሰልፉ አንዲት ሴትዮ «ሚዛን የምትይዘው ልጅ የት ሄደች? ልንውል ነው እንዴ?» ስትል ሰማን።

ጋሽ ስዩም ሽርጡን ከሚዛኑ አንስተው ሲታጠቁ በግድግዳው ቀዳዳ ይታዩናል። «ቀኗ ነው» አሏት።